ሁለተኛ ጥፋት

ሆም ኬር መሥራት በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ደብሊን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ እንድከባከብ ተመደብኩ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አንድ ነው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ሴት ልጃቸው ከአገራቸው አምጥታ ከራሷ ጋር አኖረቻቸው። ልጅ ልጅ እላለሁ እንጂ እሷም አምሳ ዓመት አልፏታል፤ ትልቅ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን የመድኃኒቱን ሰዓት፣ የስኳር መለኪያውን፣ አባቷ የሚወዱትን ወንበር አሳየችኝ። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞር አለችና፣ «አባቴ ሠላሳ ዓመት ዳኛ ነበሩ። በክርክር አትችያቸውም፤ ስለዚህ አትሞክሪ» አለችኝ።

እውነቷን ነበር።

ሽማግሌው «ቤቲ» ነው የሚሉኝ። «ቤቲ፣ ውኃ አምጪልኝ። ቤቲ፣ መነጽሬን አየሽው?» ስሜን የተሳሳቱ መስሎኝ ሁለት ሦስት ጊዜ አረምኳቸው። እሺ ይሉና ተመልሰው ያው ቤቲ ይሉኛል። ከእኔ በፊት የምትሠራላቸው ቤቲ የምትባል የአገሬ ልጅ ነበረች ማለት ነው፣ ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ልጃቸውን ስጠይቃት ሳቀች። በቋንቋቸው «ልጄ» ማለት ነው አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም «ጋሼ» እላቸው ጀመር። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ አገራቸው ላሉት ዘመዶቻቸው በስልክ እየደጋገሙ ሲነግሩ ሰማኋቸው።

ጋሼ ስኳር አለባቸው፤ ጣፋጭ ደግሞ ነፍሳቸው ነው። ከወተት የሚሠራ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆራረጠ የአገራቸው ጣፋጭ አለ፤ ልጃቸው ለእንግዳ ብላ ትገዛዋለች። እሳቸው ከዚያ ላይ እያነሱ ይደብቃሉ። አንድ ቀን ሩዝ ልቀዳ ጣሳውን ስከፍት፣ ሩዙ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ አራት ፍሬ አገኘሁ። ዘወር ብዬ ሳያቸው የሹራባቸው ደረት ላይ ፍርፋሪ አለ።

«ጋሼ፣ በልተዋል» አልኳቸው።

«ማስረጃ አለሽ?»

«ትናንትም በልተዋል። ባለፈው ሳምንትም ከሶፋው ሥር አግኝቻለሁ።»

እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ፊታቸው ላይ ቀልድ የሚባል ነገር የለም።

«ይህ አይፈቀድም» አሉኝ። «በእኛ ሕግ ዳኛው መጀመሪያ የሚሰማው የዛሬውን ክስ ብቻ ነው። ሰውየው ዛሬ አደረገ የተባለውን አድርጓል ወይስ አላደረገም? የድሮ ጥፋቱ እስከዚያ ድረስ አይነሳም። ዳኛው አስቀድሞ ከሰማ፣ ‹ይሄማ ልማዱ ነው› ብሎ ሳያጣራ ይፈርድበታል። ጥፋተኛ ነው ከተባለ በኋላ ነው ያለፈው የሚነበበው።»

«ከተነበበ በኋላስ?»

«ከዚያማ ይከብዳል።»

ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው አስረዱኝ። በወንጀለኛ መቅጫ ሕጋቸው ሰባ አምስት ቁጥር የሚባል አንቀጽ ነበር። ሰው በስርቆትና ያንን በመሳሰለ ወንጀል አንድ ጊዜ ተፈርዶበት፣ እንደገና በዚያው ዓይነት ወንጀል ከተያዘ፣ ለሌላ ሰው ሦስት ዓመት የሚሆነው ለሱ እስከ አሥር ዓመት፣ እስከ ዕድሜ ልክም ሊደርስ ይችላል። አሁን መንግሥታቸው ሕጉን በሙሉ በአዲስ ተክቶት አንቀጹ አሥራ ሦስት ቁጥር ሆኗል። «ሐሳቡ ያው ነው፤ ቁጥሩን ነው የቀየሩት» አሉ፣ ትንሽ ቅር እንዳላቸው።

«እንግዲያው ዛሬ በልተዋል ወይስ አልበሉም?» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡ። «በልቻለሁ» አሉ።

የዚያን ቀን የሚወዱትን የክሪኬት ጨዋታ በቲቪ እንዳያዩ ፈረድኩባቸው። ማታ ልጃቸው ስትገባ ይግባኝ ጠየቁ፤ እሷም ፍርዱን አጸናችው። እንዲህ ነበርን። ሰው ቤት ለሥራ የምገባ ሳይሆን አጎቴ ቤት የምውል ይመስለኝ ጀመር።

እኔ የምኖረው ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ነው፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር። ሁለታችንም የደሴ ልጆች ነን፤ ሁለታችንም በዲቪ ነው የመጣነው፣ በሦስት ዓመት ልዩነት። እናታችን ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበርና ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ መሪ ከጨበጠ ግን እግሩ ከነዳጁ ላይ አይነሳም። ዕቃ የሚያደርስበት ቫን ይነዳ ነበር። በፍጥነት እየተያዘ፣ እየተያዘ የጥፋት ፖይንቱ ሞላና የመንጃ ላይሰንሱን ለስድስት ወር ሳስፔንድ አደረጉት። የሾፌርነት ሥራው በዚያው ቀረ። ዌርሃውስ ገባ፤ ጠዋት ጠዋት እኔ ወደ ደብሊን ስሄድ አደርሰዋለሁ። የሱ መኪና ከአፓርትመንታችን ፓርኪንግ ቆማለች።

በሁለተኛው ወር ላይ አንድ ቅዳሜ፣ እኔ ሥራ ሆኜ፣ ሥጋ ልግዛ ብሎ መኪናዋን አስነስቶ የአገራችን ሰው ሱቅ ወዳለበት ሞርስ ሮድ ሄደ። ተያዘ። በታገደ ላይሰንስ መንዳት እስር ያለበት ነገር መሆኑን ያኔ ነው ያወቅነው። ሦስት ቀን ታሰረ። ሲወጣ ቃሉን ሰጠኝ፤ እኔም አመንኩት።

ስድስቱ ወር ሊያልቅ አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ ማክሰኞ ቀን፣ ጋሼ ቤት ሆኜ ስልኬ ጠራ።

«እትዬ» አለኝ። ከድምፁ አወቅኩት። «ፖሊሶች ፑል ኦቨር አደረጉኝ።»

«እየነዳህ?»

«የኋላ መብራት ተቃጥሎ ነበር። ላይሰንስ ሲሉኝ…»

የቀረውን አልሰማሁትም። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሰጥተው ለቀቁት። ማታ ቤት ስንገናኝ አፌን ከፈትኩ። ከየት እንደጀመርኩ ይገርመኛል። ደሴ እያለ ከጎረቤት ልጅ ብስክሌት ወስዶ ቦይ ውስጥ የከተተውን አነሳሁ። ለሰርግ የተሰፋለትን ልብስ ያጠፋውን አነሳሁ። እዚህ ከመጣ ጀምሮ የተቀጣበትን እያንዳንዱን ቲኬት በተርታ ቆጠርኩለት። ወንድሜ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። ዝምታው የበለጠ አናደደኝና አራት ቀን አኮረፍኩት። ጠዋት ጠዋት አደርሰዋለሁ፤ መኪናው ውስጥ ግን ሬዲዮው ብቻ ነው የሚያወራው።

ጋሼ ነገሩን ያወቁት በምስር ወጡ ነው። አሳረርኩት። «ቤቲ፣ አንቺ ምስር አታሳርሪም፤ ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

በጥሞና ሰሙኝ፤ ከዚያ እንደ ዳኛ ተናገሩ። «ሁለተኛው ከመጀመሪያው መክበዱ ትክክል ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ሕጉን ላያውቅ ይችላል። አሁን ግን ታስሮ ያውቃል፤ አውቆ ነው ያደረገው።»

«ስድስት ወር ይሰሩት» አልኩኝ። መንግሥት የመደበለት ጠበቃ ዳኛው እስከዚያ ድረስ መፍረድ ይችላል ብላናለች። «ይሰሩትና ይልመድ። እኔ ደክሞኛል።»

ይህን ስል ጋሼ ትክ ብለው አዩኝና ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። በማግስቱ ልብሳቸውን እየቆለፍኩላቸው ሳለ በራሳቸው ጊዜ ጀመሩ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳኛ ሳሉ ነው። አንድ ሰው የልብስ ስፌት መኪና ከሰው ቤት ሰርቆ ተከሶ ቀረበ። ምስክሮች ተሰሙ፤ ጥፋተኛ ተባለ። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ የድሮውን አነበበ፤ ሁለት ጊዜ በስርቆት ታስሯል። አዲስ ጥፋተኛ ቢሆን ምናልባት አንድ ዓመት ነበር የሚፈርዱበት። ሰባ አምስት ቁጥርን ጠቅሰው አምስት ዓመት ፈረዱበት።

«ሰውየው ቀጭን ነበር» አሉኝ። «ፍርዱን ሳነብለት እጁን አጣምሮ፣ ‹ጌታዬ፣ ያለፈውን እኮ ጨርሼዋለሁ› አለኝ። ያለፈውን ሁለቴ የማስከፍለው መስሎት ነው።»

«አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ሕጉ የሚለው፣ ያለፈው ቅጣት ስላላስተማረህ የአሁኑ ይከብዳል ነው። መልሱ ይኸው ነው፤ አውቀው ነበር። ያን ቀን ግን አልመለስኩለትም። ገና ስድስት መዝገብ ይጠብቀኝ ነበር፤ ‹ቀጥል› አልኩ።»

አዝራራቸው ላይ ያለውን እጄን ያዝ አደረጉት።

«ሕጉ ‹ይችላል› ነው የሚለው፣ ቤቲ። ‹አለበት› አይልም። ያ ቃል እዚያ የተቀመጠው ዳኛው እንዲጠይቅ ነው። ሰውየውን ለምን ተመልሰህ ሰረቅህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ሁለት መዝገብ ሳይ የማውቀው መሰለኝ። እስከ ዛሬ ምን ሆኖ እንደነበር አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም ምን እንደደረሰበት አልሰማሁም።»

ከዚያ፣ «ወንድምሽ ለምን ነዳ?» አሉኝ።

አልጠየቅኩትም ነበር።

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ ወንድሜን ወደ ክፍሉ ሳይገባ ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት። «ማክሰኞ ለምን ነዳህ?» አልኩት። መጀመሪያ ትከሻውን ነቀነቀ። ሁለተኛ ስጠይቀው ቁጭ አለ።

ማክሰኞ ማለት የሱብሂ ሰላቴን ሰግጄ እንደጨረስኩ የጋሼ ልጅ ኮል ያደረገችኝ ቀን ነው። አባቷ ስኳራቸው ወርዶ አልነቃ ብለዋት፣ እሷም በዚያው ጠዋት በአውሮፕላን ልትሄድ ነበርና፣ ቶሎ ነይልኝ አለችኝ። ወንድሜ ሻወር ውስጥ ነበር። በሩን አንኳኩቼ «ሄጃለሁ፣ የሚያደርስህ ሰው ፈልግ» ብዬው ወጣሁ። እሱም ራይድ ጠራ፤ ሹፌሩ መንገድ ላይ ካንስል አደረገበት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ዌርሃውሱ አርፋጅ ላይ ጨካኝ ነው፤ ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረበት። ሰዓቱን አየ፤ ቁልፉን አየ።

«ያን ሁሉ ስለፈልፍብህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ራስሽን ነው የምትወቅሺው» አለኝ። «ደግሞ እኔ ነኝ የነዳሁት። አንቺ ንዳ አላልሽኝም።»

አልቅሼ አላውቅም ነበር በሱ ፊት። ያን ቀን አለቀስኩ፤ እሱም ተጨንቆ ውኃ ሊቀዳልኝ ሄዶ ብርጭቆ ሰበረ።

ጠዋት ለጋሼ ስነግራቸው ቀኑን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ማክሰኞ? ማክሰኞ። ከዚያ ክሪኬቱን አጠፉት። እሳቸው በገዛ እጃቸው ጨዋታ ሲያጠፉ አይቼ አላውቅም።

«ቤቲ፣ ሰኞ ማታ አራት ፍሬ በልቼ ነበር» አሉ። «መለኪያው እንዳያሳብቅብኝ ብዬ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን በራሴ ጨምሬ ተወጋሁ።»

እኔም ልጃቸውም ሐኪሙም ስኳራቸው ለምን እንደወረደ ግራ ገብቶን ነበር። ሊሞቱ ይችሉ ነበር። ልቆጣ ፈለግኩ፤ የሩዙ ጣሳ፣ የሶፋው ሥር፣ ሁሉም አፌ ላይ መጣ። ግን አንገታቸውን ደፍተው ስላየኋቸው ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ለምን ጋሼ?»

«የባለቤቴ የሙት ዓመት ነበር። እሷ ነበረች የምትሠራው» አሉ። «ልጄ ረስታለች። ላስታውሳት አልፈለግኩም፤ ሥራ በዝቶባታል።»

ማታ ለልጃቸው ሁለታችንም ሆነን ነገርናት። አልጮኸችም። አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና በቋንቋቸው ረጅም ጊዜ አወሩ፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የታጠበ ዕቃ መልሼ አጠብኩ። ኢንሱሊኑን ከዚያ በኋላ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ አደረግነው። እሷ ደግሞ ለወንድሜ ጠበቃ ደብዳቤ ጻፈች፤ በዚያ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደደወለችልኝ፣ አባቷ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ።

ጋሼ በደብዳቤ አልረኩም። «እኔ ምስክር ነኝ» አሉ። ልጃቸውም እኔም ብንለምን እምቢ አሉ። በቀጠሮው ቀን ጥቁር ኮትና ክራባት አድርገው፣ የሚደገፉበትን ዎከር ይዘው፣ ከወንድሜና ከእኔ ጋር ዳውንታውን ፍርድ ቤት ሄዱ። ከወንድሜ ጋር ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ ጋሼ መንገዱን ሙሉ ዳኛ ፊት እንዴት እንደሚቆም ሲያስተምሩት ሄዱ። እጅህን ከኪስህ አውጣ። ሲጠይቅህ ብቻ መልስ። ሰበብ አታብዛ፤ የሆነውን ተናገር።

ጠበቃዋ ወጣት ሴት ናት። ጋሼን ስታይ ግራ ገባት፤ ከዚያ በትሕትና፣ ምስክር እንደማያስፈልግ፣ ደብዳቤው እንደሚበቃ ነገረቻቸው። ቅር አላቸው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ከእኛ በፊት ብዙ ሰው ነበር። አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይቀመጣል፤ ሙቀቱ ይመቻል፤ ጋሼ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ተኙ።

የወንድሜ ስም ሲጠራ ልቀሰቅሳቸው አስቤ ነበር፤ ግን መንቀሳቀስ አልቻልኩም፣ ዓይኔም ከወንድሜ አልተነሳም። ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዳኛው መዝገቡን አገላብጦ፣ «በዚሁ ጉዳይ እዚህ ቀርበህ ነበር» አለው። «አዎ» አለ ወንድሜ። ዳኛው ደብዳቤውን አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «በዚያ ጠዋት ምን ሆነህ ነው?» አለው። ወንድሜ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ነገረው፤ ሁለቱን ራይድ፣ ሰዓቱን፣ ቁልፉን። «ማድረግ አልነበረብኝም» ብሎ ጨረሰ።

ዳኛው አሥር ቀን ፈረደበት። የቀረውን ቅጣት በገደብ አቆየለት፤ የመንዳት ትምህርት ጨርሶ፣ ላይሰንሱ እስኪመለስ መሪ ካልነካ አይታሰርም። ከመጀመሪያው ሦስት ቀን አሥሩ ከበደ፤ ከስድስት ወር ግን ስንት ይቀላል። ወንድሜ ዘወር ብሎ አየኝና አንገቱን ነቀነቀ።

ጋሼ የነቁት ሰው ሲነሳ ነው። «ተጠራን?» አሉኝ። መኪና ውስጥ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስነገሩኝ። አሥር ቀን ስላቸው በመስኮቱ እያዩ አሰቡበት።

«እኔ አሥራ አምስት እሰጠው ነበር» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ግን ጠየቀው፣ አይደል?» አሉኝ።

«ጠየቀው፣ ጋሼ።»

ወንድሜ የዌርሃውሱን ሥራ አጣ፤ አሥር ቀን የሚጠብቀው አልነበረም። ሲወጣ ሞርስ ሮድ ላይ አንድ የአገራችን ሰው ሱቅ ውስጥ በአውቶቡስ እየሄደ መሥራት ጀመረ። ላይሰንሱን ሲያገኝ መኪናዋን እኔ ፊት ፈትሾ የኋላ መብራቷን ራሱ ቀየረ። እስካሁን ሌላ ቲኬት አልመጣም። እፈራለሁ፤ አልዋሽም።

ከእስር በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሼን ላመስግን ብሎ አብሮኝ ደብሊን መጣ። ጋሼ እስር ቤት ምን እንደበላ፣ ፍራሹ ምን እንደሚመስል፣ ከማን ጋር እንደታሰረ ጠየቁት። ሠላሳ ዓመት ሰው እየላኩበት አንድ ቀን አድረው እንደማያውቁ ነገሩት። ወንድሜ ሲያወራ ጢማቸውን እያየ ነበር፤ ራሳቸውን ሲላጩ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እዚህም እዚያም የተረፈ ነጭ ፀጉር ነበር። እኔ ልላጭዎ ስላቸው በፍጹም እምቢ ይሉኝ ነበር፤ ያፍራሉ።

ወንድሜ ፈቃድ ጠይቆ ተነሳ። ሙቅ ውኃ አመጣ፤ ፎጣውን አንገታቸው ላይ አሰረ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ሰጡት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሱ ሥራ ነው። ከጉንጫቸው ይጀምርና አገጫቸው ጋ ሲደርስ «ከንፈርዎን እጥፍ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» ይላቸዋል፤ ያደርጋሉ። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ምስሬን አማስላለሁ።